በዩኬ ባዮባንክ ዳታ ካንሰርን ማጥናት፦ ከጥያቄው እስከ ውጤቱ፣ ደረጃ በደረጃ

"ዳታው አለኝ፣ ኮክስ ሞዴሉንም ሠርቻለሁ፣ ውጤቱ ግን ሰው የሚያምነው አይደለም።" ይህን የሚሉ የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ኮዳቸው ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ሞዴሉ ላይ ችግር የለም። ሞዴሉ፣ ማለትም አንድ ነገር የመታመምን ፍጥነት በስንት እጥፍ እንደሚለውጥ የሚያሰላው ስሌት፣ አንድ መስመር ነው። የተበላሸው ከዚያ በፊት ነው። ማን ጥናቱ ውስጥ ገባ? ሰዓቱ መቼ ጀመረ? መቼ ቆመ? "ታማሚ" ተብሎ የተቆጠረው ማን ነው? እዚህ ላይ የተሳሳተን ነገር የትኛውም ስታቲስቲክስ አያቃናውም።

ስለዚህ ዝግጅቱና ሠንጠረዡ ላይ ረዘም እንላለን፤ ሞዴሉ ላይ ቶሎ እናልፋለን። እንደ ማሳያ የምንጠቀመው አንድ ጥያቄ ነው፦ ውፍረት ባረጡ ሴቶች ላይ የጡት ካንሰርን ይጨምራል ወይ? የተመረጠው መልሱ በደንብ ስለሚታወቅ ነው። ከታወቀው በጣም የራቀ ቁጥር ካገኛችሁ፣ መጀመሪያ የራሳችሁን ሥራ ጠርጥሩ። ሌላ ካንሰር የምታጠኑም ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ዳታውን እወቁት። ዩኬ ባዮባንክ ከ2006 እስከ 2010 ድረስ ከ40 እስከ 69 ዓመት የሆኑ 500 ሺህ ያህል ሰዎችን በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ በሚገኙ 22 ማዕከላት መዝግቧል። ከ270 ሺህ በላይ የሚሆኑት ሴቶች ናቸው። ተሳታፊዎቹ መጠይቅ ሞሉ፣ ተለኩ፣ ደም ሰጡ። ከዚያ በኋላ ካንሰር ሲይዛቸው ወይም ሲሞቱ መረጃው ከብሔራዊ የካንሰርና የሞት መዝገቦች ይመጣል። ማንም ቤታቸው ሄዶ "ታመሙ ወይ?" ብሎ አይጠይቅም።

ማመልከቻውን ቀድማችሁ አስገቡ። ተቋማችሁ መመዝገብ አለበት። የጥናቱ ሐሳብ ይገመገማል፣ ውል ይፈረማል፣ ክፍያ አለ። ለተማሪዎችና ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ለሚሠሩ ተመራማሪዎች ቅናሽ ስላለ ሳትጠይቁ ሙሉውን አትክፈሉ። ዳታው የሚተነተነው በራሱ በባዮባንኩ የመስመር ላይ መድረክ ሲሆን የኮምፒውተሩ ሰዓት ለብቻው ያስከፍላል። ይህ ሁሉ ወራት ሊወስድ ይችላል። ሰኔ ላይ ዲፌንስ ያለበት ሰው ሚያዝያ ላይ ቢያመለክት የሚተነትነው ዳታ አይኖረውም።

የሥነ ምግባር ፈቃዱን አትርሱ። ባዮባንኩ የራሱ ፈቃድ አለው። የእናንተ ዩኒቨርሲቲ ግን ደብዳቤ ሊጠይቅ ይችላል። ጠይቁና በጽሑፍ ያዙት።

ሁለት ሰው አዘጋጁ። አንዱ የካንሰር ሐኪም ወይም ፓቶሎጂስት ይሁን። የትኛው የበሽታ ኮድ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ሁለተኛው የኮምፒውተር ኮዳችሁን ከዜሮ ደግሞ የሚጽፍ ጓደኛ ነው። ሁለታችሁ ለየብቻ ሠርታችሁ ቁጥራችሁ ካልገጠመ ገና አልጨረሳችሁም።

ማስጠንቀቂያ። የግለሰብ ዳታ ከመድረኩ አታውጡ። ለጓደኛ በቴሌግራም አትላኩ። "ስህተቱን ፈልግልኝ" ብላችሁ የተሳታፊ ረድፎችን የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ቻት ላይ አትለጥፉ። ውል ነው የፈረማችሁት።

## ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

"የጡት ካንሰር መንስኤዎችን ማጥናት" ጥያቄ አይደለም፤ ርዕስ ነው። ጥያቄ አራት ነገር ይፈልጋል፦ እነማን፣ ምን ነካቸው፣ ምን ደረሰባቸው፣ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ።

የእኛ እንዲህ ይላል፦ *ሲመዘገቡ ያረጡና ከዚያ በፊት ካንሰር ያልያዛቸው ሴቶች ላይ፣ በምዝገባ ቀን የተለካ ቢኤምአይ (ክብደት በኪሎ፣ በሜትር ለተለካ ቁመት ካሬ ሲካፈል) በ5 ነጥብ ከፍ ሲል፣ እስከ ክትትሉ ማብቂያ ድረስ የመጀመሪያ ወራሪ የጡት ካንሰር የመያዝ ዕድል በምን ያህል ይለወጣል?*

ከዚያ ዕቅዱን ጻፉ። ማንን እንደምታስወጡ፣ የምታስተካክሉባቸውን ምክንያቶች፣ ሰዎቹን በምን በምን እንደምትከፋፍሉ። ቀን ጻፉበትና ለአማካሪያችሁ ላኩት። ዳታውን ካያችሁ በኋላ የተጻፈ ዕቅድ ዕቅድ አይባልም።

የሚያዋጣ መሆኑንም አሁኑኑ መርምሩ። ወሳኙ የታማሚዎቹ ቁጥር እንጂ የተሳታፊዎቹ አይደለም። ግማሽ ሚሊዮን ሰው ኖሮም ብርቅ ለሆነ ካንሰር ጥቂት ታማሚ ብቻ ልታገኙ ትችላላችሁ። ከተሳታፊዎቹ 94 በመቶ ያህሉ ነጮች ናቸው። "ትውልደ አፍሪካ የሆኑትን ለይቼ አጠናለሁ" የምትሉ በቅድሚያ የታማሚዎቹን ቁጥር ጠይቁ።

## ደረጃ 2፦ ፊልዶቹን ሰብስቡ

በዩኬ ባዮባንክ እያንዳንዱ መረጃ (ፊልድ) የራሱ ቁጥር አለው። ለዚህ ጥናት ቢያንስ እነዚህ ያስፈልጋችኋል፦

- የሰውየው ማንነትና ጊዜ፦ ፆታ 31፣ የልደት ዓመት 34፣ የልደት ወር 52፣ የምዝገባ ቀን 53፣ ማዕከል 54፣ ከክትትል የጠፋበት ቀን 191፣ የሞት ቀን 40000።
- ካንሰር፦ የምርመራ ቀን 40005፣ አይሲዲ-10 (ዓለም አቀፉ የበሽታዎች መለያ፣ 10ኛ ዕትም) ኮድ 40006፣ አይሲዲ-9 ኮድ 40013፣ የሕዋስ ዓይነት 40011፣ የዕጢው ባሕርይ 40012፣ ተሳታፊዋ ራሷ የተናገረችው ካንሰር 20001።
- ዋናው ተጋላጭነት፦ ቢኤምአይ 21001።
- ሌሎች፦ ማረጥ 2724፣ ሁለቱም የእንቁላል እጢዎች መውጣታቸው 2834፣ የሆርሞን መተኪያ ሕክምና 2814፣ የወር አበባ የጀመረበት ዕድሜ 2714፣ የልጆች ቁጥር 2734፣ የማሞግራም (የጡት ራጅ) ምርመራ 2674፣ ማጨስ 20116፣ አልኮል 1558፣ የእናት በሽታ 20110፣ የወንድምና የእህት በሽታ 20111፣ የአካባቢ ድህነት መለኪያ 22189፣ ብሔረሰብ 21000።

ብዙ ሰው የሚወድቀው አሉታዊ ቁጥሮች ላይ ነው። በመጠይቁ "-1" ማለት "አላውቅም"፣ "-3" ማለት "መመለስ አልፈልግም" ነው። ሳታጸዱ ከሄዳችሁ "-3 ልጆች" ያሏት እናት ታገኛላችሁ። እንደዚያ ሲሆን ደግሞ ብዙዎች በንዴት አሉታዊውን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ይሰርዛሉ። ያኔ ሌላ ጥፋት ይመጣል። በድህነት መለኪያው (22189) አሉታዊ ቁጥር እውነተኛ ነው፤ የተሻለ ኑሮ ያለበትን ሠፈር ያመለክታል። ከሰረዛችሁት ደህና ኑሮ ያላቸውን ሴቶች ከጥናቱ አባረራችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ፊልድ በፊልድ አጽዱ።

ሌሎች ሁለት ወጥመዶችም አሉ። የአልኮል ፊልዱ ወደ ኋላ ነው የሚቆጥረው፦ 1 ማለት በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ 6 ማለት ፈጽሞ። ሁለተኛው የመጀመሪያ ልጅ የተወለደበት ዕድሜ ነው። ፊልድ 2754 የተጠየቀው ከአንድ በላይ ለወለዱት ብቻ ነው። አንድ ልጅ ያላቸው 3872 ላይ ናቸው። ሁለቱን ካላዋሃዳችሁ የአንድ ልጅ እናቶች በሙሉ "መረጃ የሌላቸው" ይሆናሉ።

## ደረጃ 3፦ ተሳታፊዎቹን አጣሩ

በዚህ ቅደም ተከተል አስወጡ። በየእርምጃው ስንት ሰው እንደወጣና ስንት እንደቀረ ጻፉ። በኋላ ሥዕላዊ ማሳያው የሚሠራው ከዚህ ነው።

1. ከጥናቱ የወጡትን ሰርዙ። ባዮባንኩ ፈቃዳቸውን ያነሱ ሰዎችን ዝርዝር በየጊዜው ይልካል። አዲስ ዝርዝር በመጣ ቁጥር ሥራውን ከዚህ ደግማችሁ አስኪዱት። "ሁለት ሰው ምን ያመጣል" አትበሉ፤ ጉዳዩ የቁጥር ሳይሆን የፈቃድ ነው።
2. ወንዶችን አስወጡ።
3. ቀድሞ ካንሰር የነበራቸውን አስወጡ። ከምዝገባ ቀን (53) በፊት ወይም በዚያው ቀን የካንሰር ምርመራ ያላትን ሴት ማለት ነው። ሜላኖማ ያልሆነ የቆዳ ካንሰርን (ሲ44) ብቻ እንደ ካንሰር አትቁጠሩት፤ በጣም የተለመደ ነው፣ አመዘጋገቡም ወጥ አይደለም።
4. ያላረጡትን አስወጡ። በ2724 "አዎ" ያሉትን ያዙ። ማህፀናቸው ስለወጣ እርግጠኛ ያልሆኑትስ? ሁለቱም የእንቁላል እጢዎቿ የወጡላትን ያረጠች በሏት። ለቀሩት ብዙ ተመራማሪዎች 55 ዓመትን መቁረጫ ያደርጋሉ። የመረጣችሁትን በዕቅዱ ላይ ጻፉት።
5. ቢኤምአይ የሌላቸውን አስወጡ።

ሦስተኛው ላይ ቆም በሉ። የድሮ የካንሰር ምዝገባዎች በአይሲዲ-9 ነው የተጻፉት። 40006ን ብቻ አይታችሁ 40013ን ከዘለላችሁ፣ ከብዙ ዓመት በፊት ካንሰር ይዟቸው የዳኑ ሴቶች "ጤነኛ" ሆነው ይገባሉ። አይሲዲ-9 ላይ ከ140 እስከ 208 ያሉትን ኮዶች ተመልከቱ፤ 173 የቆዳው ነው፣ ተዉት። የራሷን ቃል (20001) ደግሞ በተጨማሪ ማጣሪያነት ተጠቀሙበት። በቃል የተነገረ ካንሰር ግን እንደ አዲስ ታማሚ መቁጠሪያ አይሆንም።

አንድ ሕግ አስታውሱ፦ የወደፊቱን መረጃ ወደ ኋላ አታምጡ። ከዓመታት በኋላ ተመልሳ ስትጠየቅ "አርጫለሁ" ያለችን ሴት በመጀመሪያው ቀን እንዳረጠች አድርጋችሁ አታስገቡ። እስከዚያ ድረስ በሕይወት መቆየቷን አስቀድማችሁ እያወቃችሁ ነው።

## ደረጃ 4፦ "ታማሚ" ማን እንደሆነ ወስኑ

ለእኛ ጥናት ታማሚ የምትባለው ከምዝገባ በኋላ ሲ50 (የጡት ካንሰር ኮድ) የተመዘገበባት፣ የዕጢው ባሕርይም (40012) 3 ማለትም ወራሪ የሆነ ሴት ናት። ቦታውን ያለቀቀ ዕጢ (ዲ05) አይቆጠርም። እሱን ለየብቻ ልታዩት ትችላላችሁ፣ ከወራሪው ጋር ግን አትደባልቁት። ዲ05ን በብዛት የሚያገኘው ማሞግራም ስለሆነ፣ ምርመራ የምታዘወትር ሴት "ለበሽታ የተጋለጠች" መስላ ትታያለች።

የካንሰር ፊልዶቹ ብዙ ዓምዶች አሏቸው። አንዷ ሴት ሦስት ምዝገባ ሊኖራት ይችላል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ጠብቁ።

አንደኛ፣ ቀኑንና ኮዱን በዓምድ ቁጥራቸው አጣምሩ። የ40005 ሁለተኛ ዓምድ የ40006 ሁለተኛ ዓምድ ጓደኛ ነው። ቀድማችሁ ትንሹን ቀን መርጣችሁ፣ ቀጥላችሁ ኮዱን ከሌላ ዓምድ ከወሰዳችሁ የሳንባ ካንሰሩን ቀን ለጡት ካንሰር ትሰጡታላችሁ።

ሁለተኛ፣ የዓምዱ ቁጥር የጉብኝት ቁጥር አይደለም። ለቢኤምአይ "0" ማለት የመጀመሪያው ጉብኝት ነው። ለካንሰር ግን የምዝገባ ተራ ብቻ ነው። "0"ን "ከጥናቱ በፊት" ብሎ የወሰደ ሰው ጥናቱ በሙሉ ይገለበጥበታል።

ካልሠራ፦ ታማሚ ዜሮ ካገኛችሁ ኮዱ የተጻፈበትን መንገድ እዩ። በዳታው ሲ50 ብቻውን ሳይሆን ከኋላው ተጨማሪ አሃዝ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ "እኩል ነው" ሳይሆን "በዚህ ይጀምራል" በሉ። ታማሚ ከጠበቃችሁት በላይ ከበዛ ደግሞ ዲ05ን ወይም የቀድሞ ታማሚዎችን አስገብታችኋል።

## ደረጃ 5፦ ሰዓቱን አስተካክሉ

ጥናቱ የሚሞተውም የሚድነውም እዚህ ነው።

መግቢያ፦ የምዝገባ ቀን፣ ፊልድ 53። የልደት ቀን አይደለም፣ "2006" አይደለም። ለእያንዳንዷ ሴት የራሷ ቀን ነው።

መውጫ፦ ከሚከተሉት ቀድሞ የመጣው፦
- የጡት ካንሰር የተገኘበት ቀን
- ሌላ ካንሰር የተገኘበት ቀን (በዕቅዳችሁ ከወሰናችሁት)
- የሞት ቀን
- ከክትትል የጠፋችበት ቀን
- የካንሰር መዝገቡ የተሟላበት የመጨረሻ ቀን

የመጨረሻው ብዙ ሰው ይጥላል። የካንሰር መዝገብ ይዘገያል። የሞት መረጃ ግን ቶሎ ይመጣል። የካንሰሩን ክትትል እስከ ሞት መረጃው ማብቂያ ከወሰዳችሁት፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ካንሰር የጠፋ ይመስላል። ዳታው ውስጥ ያያችሁትን የመጨረሻ የካንሰር ቀንም አትውሰዱ፤ እነዚያ ቀድመው የደረሱ ጥቂት መዝገቦች ናቸው። ባዮባንኩ መዝገቡ እስከ መቼ የተሟላ እንደሆነ ለእንግሊዝ፣ ለስኮትላንድና ለዌልስ ለየብቻ ያወጣል። ዳታችሁን የወሰዳችሁበትን ዕትም ቀን ተጠቀሙ። ማንን የትኛው አገር እንደምታደርጉ ከማዕከሉ (54) እወቁ፦ ግላስጎውና ኤዲንብራ ስኮትላንድ፣ ካርዲፍ፣ ስዋንሲና ሬክስም ዌልስ፣ የቀሩት እንግሊዝ።

ምሳሌ እንሥራ። ሴትዮዋ የፈጠርናት ናት። መጋቢት 10 ቀን 2008 ተመዘገበች። የካቲት 10 ቀን 2013 ሲ50 ተገኘባት። በ2017 ሞተች። የእሷ ክትትል 4 ዓመት ከ11 ወር ነው፤ ውጤቷም "ታማሚ" ነው። እስከ 2017 ያለውን ዓመት መጨመር የለባችሁም፤ ከታመመች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትታመም አትችልም። ኮዳችሁን ከማመናችሁ በፊት እንዲህ ያሉ አሥር የፈጠራ ሴቶች ሥሩና በእጃችሁ አስሉ፤ ከዚያ ኮዱን አስኪዱት። አንዷ በዚያው በምዝገባ ቀን ካንሰር የተገኘባት ትሁን፣ አንዷ ስኮትላንዳዊት፣ አንዷ ምንም ያልሆነች።

የጊዜ መለኪያው ዕድሜ ይሁን። ካንሰር ከሁሉም በላይ የሚከተለው ዕድሜን ነው። የልደት ቀን ስለማይሰጣችሁ ወሩን ይዛችሁ 15ኛውን ቀን አድርጉ። ለሶፍትዌሩ የመግቢያ ዕድሜንም የመውጫ ዕድሜንም ስጡት። የመውጫውን ብቻ ከሰጣችሁት እያንዳንዷን ሴት ከተወለደች ጀምሮ የተከታተላችኋት ይመስለዋል። ስህተት ብሎ አይነግራችሁም። ቁጥር ያወጣል፤ እናንተም ታምኑታላችሁ።

ካልሠራ፦ አሉታዊ የክትትል ጊዜ ከታየ ቀድሞ የታመመች ሴት ገብታለች፣ ወይም ቀኑ እንደ ጽሑፍ ነው የተነበበው። ረድፉን ዝም ብላችሁ አትሰርዙ። ለምን እንደሆነ ፈልጉ፤ አንዷ ከታየች የማይታዩ መቶ ሊኖሩ ይችላሉ።

## ደረጃ 6፦ ከሞዴሉ በፊት ምጣኔውን አስሉ

የታማሚዎችን ቁጥር ለጠቅላላው ሰው-ዓመት (የሁሉም ሴቶች የክትትል ዓመታት ድምር) አካፍሉ። ለምሳሌ በ200,000 ሰው-ዓመት 600 ታማሚ ቢኖር፣ በ100,000 ሰው-ዓመት 300 ነው። በአምስት አምስት ዓመት የዕድሜ ክፍል አስቀምጡትና ከብሪታንያ ብሔራዊ ምጣኔ ጋር አስተያዩት።

ፍጹም መግጠም የለበትም። ዩኬ ባዮባንክ 9 ሚሊዮን ያህል ሰው ጋብዞ የመጡት 5.5 በመቶ ብቻ ናቸው። የመጡት ደግሞ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ጤነኞች፣ የሚያጨሱት ጥቂት፣ ኑሯቸውም የተሻለ ነው። ከ70 እስከ 74 ዓመት ባሉት ሴቶች አጠቃላይ የካንሰር ክስተት ከብሔራዊው 18 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ ትንሽ መለየት ይጠበቃል። ግማሽ ወይም እጥፍ ከሆነ ግን ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

ከዚህ የሚከተል ማስጠንቀቂያ አለ፦ ከዚህ ዳታ "በብሪታንያ ይህን ያህል ሴት ይታመማል" ብላችሁ አትጻፉ። የወፍራሞችና የቀጭኖች ንጽጽር ከምጣኔው ይበልጥ ይታመናል። እሱም ቢሆን ከአመራረጡ አድልዎ ነፃ ነው ማለት አይደለም።

## ደረጃ 7፦ የምታስተካክሉበትን ምረጡ

ኮምፒውተሩ እንዲመርጥላችሁ አትፍቀዱ። ወረቀት ላይ ቀስቶች ሣሉ። ውፍረትንም የጡት ካንሰርንም የሚነካ ነገር ኮንፋውንደር ነው፤ አስተካክሉበት። ኑሮ፣ አልኮል፣ የልጆች ቁጥር፣ የሆርሞን ሕክምና እዚህ ይገባሉ።

ከውፍረት ተነስቶ ወደ ካንሰር የሚያደርስ ነገር ግን መንገድ እንጂ ኮንፋውንደር አይደለም። ካረጡ በኋላ ኤስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) በዋናነት የሚሠራው ስብ ውስጥ ነው። ወፍራም ሴት ኤስትሮጅኗ ከፍ ይላል፤ ውፍረት ካንሰርን ያመጣበታል የሚባለው ዋናው መንገድም ይህ ነው። በደም ኤስትሮጅን መጠን ካስተካከላችሁ ልታገኙት የፈለጋችሁትን ነገር በእጃችሁ አጠፋችሁት። "ብዙ ባስተካከልኩ ቁጥር ይሻላል" የሚለው እምነት ከዩኒቨርሲቲዎቻችን ቶሎ ቢጠፋ ጥሩ ነበር።

የማሞግራም ምርመራ ያስቸግራል። በብሪታንያ ከ50 ዓመት እስከ 71ኛ ልደታቸው ያሉ ሴቶች በየሦስት ዓመቱ ይጠራሉ። የምትሄድ ሴት ካንሰሯ ይገኛል፣ የማትሄድ ይዘገያል። ወፍራም ሴቶች ከቀጭኖቹ ባነሰ የሚሄዱ ከሆነ ውጤቱ ወደ ታች ይጎተታል። በሞዴሉ አስገቡት፤ ከዚያም የተመረመሩትን ብቻ ለይታችሁ ድገሙት።

## ደረጃ 8፦ ሞዴሉን አስኪዱ

1. በመጀመሪያ በዕድሜ ብቻ። ቁጥሩን ጻፉ።
2. ቀጥሎ ኮንፋውንደሮቹን በሙሉ ጨምሩ። ማዕከሉን እንደ መከፋፈያ (ስትራታ) አስገቡት።
3. ቢኤምአይን በ5 ነጥብ፣ ከዚያም በምድብ (ከ25 በታች፣ ከ25 እስከ 30፣ 30ና ከዚያ በላይ) አሳዩ።
4. የሆርሞን ሕክምና የወሰዱትንና ወስደው የማያውቁትን ለየብቻ አስሉ። ይህ አይታለፍም። በሚወስዱት ላይ ዝምድናው ይደክማል ወይም ይጠፋል፤ ሆርሞኑ ከውጭ ስለሚገባ የስቡ ድርሻ ይሸፈናል።
5. የሃዛርድ ሬሾው (ሞዴሉ የሚያወጣው የንጽጽር ቁጥር) በጊዜ አለመለዋወጡን በሾንፌልድ ቅሪቶች (ለዚሁ በተሠራ መፈተሻ) ፈትሹ።

በሌሎች ትልልቅ ጥናቶች ቢኤምአይ በ5 ሲጨምር ካረጡ በኋላ የጡት ካንሰር በ12 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እናንተም የሃዛርድ ሬሾ 1.1 አካባቢ ካገኛችሁ መንገዱ ላይ ናችሁ።

1 ወይም ከዚያ በታች ከወጣ፦ ያላረጡ ሴቶች ገብተው ይሆናል። በእነሱ ላይ ዝምድናው ተቃራኒ ነው፤ ሲደባለቁ ይጣፋሉ። የሆርሞን ሕክምና የሚወስዱትንም እዩ።

2 ወይም ከዚያ በላይ ከወጣ፦ ቢኤምአይ በ5 ሳይሆን በሌላ መለኪያ ገብቷል፣ አለዚያም የማይሆን ቁጥር አለ። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ቢኤምአይ አውጥታችሁ በዓይናችሁ እዩ።

የኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ (እውነተኛው ቁጥር ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው ክልል) ከሰፋ፦ ታማሚ አንሷል። ምድቦቹን ቀንሱ። ትርጉም እንዲኖረው ብላችሁ አሥር ዓይነት አከፋፈል አትሞክሩ።

ሞዴሉ ግማሹን ሴት ከጣለ፦ የጎደለ መረጃ ያለበትን ረድፍ ሶፍትዌሩ ዝም ብሎ ያስወጣል። ሞዴሉ የተጠቀመውን ቁጥር ከደረጃ 3 መጨረሻ ቁጥር ጋር አስተያዩ። ካነሰ የጎደለውን በብዙ ጊዜ ግምት (መልቲፕል ኢምፒውቴሽን) ሙሉት፣ ወይም "አልታወቀም" የሚል ምድብ አድርጉና ሁለቱንም አሳዩ።

አንባቢን የሚያሳስት ልማድም አለ። የሞዴሉን ሠንጠረዥ በሙሉ አውጥቶ "አልኮል ይህን ያህል፣ ማጨስ ይህን ያህል" እያሉ መተርጎም። ሞዴሉ የተሠራው ለቢኤምአይ ነው። ለአልኮል ሌላ ሥዕል፣ ሌላ ሞዴል ያስፈልጋል።

## ደረጃ 9፦ ውጤቱን ልታፈርሱት ሞክሩ

- የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ክትትል ቁረጡ። በምዝገባ ቀን ያልታወቀ ዕጢ የነበራት ሴት ክብደቷ በበሽታው ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ለሆድ ዕቃና ለሳንባ ካንሰር ይህ እጅግ ያስፈልጋል።
- የወገብ ልክን በቢኤምአይ ፈንታ አስገቡ። አቅጣጫው ከተገለበጠ ጥያቄ አለ።
- የሚያጨሱትን አስወጡ። ለጡት ብዙ ላይለውጥ ይችላል። ሳንባን የምታጠኑ ግን ይህን ሳትሠሩ አትጻፉ፤ ማጨስ ሰውን ያከሳል፣ ካንሰርም ያመጣል፣ ውፍረት "የሚከላከል" ይመስላችኋል።

ውጤታችሁን በጂን መረጃ የምታረጋግጡ ደግሞ አትደንግጡ። በዘር የተተነበየ ቢኤምአይ ካረጡ በኋላም ቢሆን የጡት ካንሰርን *ሲቀንስ* ነው የታየው። ከተሰጡት ማብራሪያዎች ጠንካራው፣ ጂኖቹ የልጅነት ውፍረትንም ይይዛሉ፣ የልጅነት ውፍረት ደግሞ ለጡት ካንሰር ተቃራኒ ዝምድና አለው የሚለው ነው። በ10 ዓመት ዕድሜ የነበረው የሰውነት መጠን ፊልድ 1687 ላይ አለ። ሁለቱን አንድ ላይ አስገብታችሁ እዩ። "መንስኤ ነው" የሚለውን ቃል ከመጻፋችሁ በፊት ይህን ማብራራት መቻል አለባችሁ።

## ደረጃ 10፦ ስትጽፉ

የስትሮብን (የምልከታ ጥናቶችን አጻጻፍ መመሪያ) ማረጋገጫ ዝርዝር ከጎናችሁ አድርጉ። ከደረጃ 3 የተሠራውን የማጣሪያ ሥዕል አስገቡ። መዝገቡ የተሟላበትን ቀን ለሦስቱም አገር ጻፉ። የታማሚ ቁጥር በጣም ትንሽ የሆነባቸውን የሠንጠረዥ ሳጥኖች አታውጡ፤ ሰው ሊታወቅ ይችላል። ውጤቱን ለባዮባንኩ መመለስ በውላችሁ ውስጥ አለ።

ስለ ኢትዮጵያ አንድ አንቀጽ መጨመር የሚፈልግ አማካሪ መኖሩ አይቀርም። ጨምሩ፣ ግን በልክ። ስብ ኤስትሮጅን ማምረቱ አዲስ አበባም ለንደንም ያው ነው። የታማሚው ምጣኔ፣ የወፍራሞቹ ድርሻ፣ የሆርሞን ሕክምናና የማሞግራም ልማድ ግን ፈጽሞ አይገናኙም። "ከጡት ካንሰር ይህን ያህል በመቶው በውፍረት ነው" የሚለውን የብሪታንያ ስሌት ወደዚህ አታምጡ።

ለንጽጽር የአዲስ አበባው የካንሰር መዝገብ አለ፤ ከ2011 ጀምሮ ይሠራል። ስትጠቀሙበት የከተማዋን ነዋሪ ብቻ እንደሚመለከት ጻፉ። ከክልል ለሕክምና የመጣ ታማሚ በመዝገቡ ስሌት ውስጥ ከገባ ላዩ (የታማሚው ቁጥር) ይጨምራል፣ ታቹ (አካፋዩ) ግን የከተማዋ ሕዝብ ሆኖ ይቀራል፤ ምጣኔው ያብጣል። ቁጥሩን ከመውሰዳችሁ በፊት የአድራሻ ማጣሪያው እንዴት እንደተሠራ ጠይቁ።